ቁመት ብቻውን አይማታም

አንድ ትልቅ የቡጢ ግጥሚያ በቀረበ ቁጥር ግቢያችን ችሎት ይሆናል። በምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ በመኝታ ቤቱ ደረጃ፣ መብራት ከጠፋ በኋላም በአልጋና በአልጋ መካከል ሙግቱ ይቀጥላል። የአንዱ ቦክሰኛ ጠበቃ ሲቀመጥ የሌላው ጠበቃ ይነሣል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ፍርዱም ግጥሚያው ሳይጀመር ይሰጣል። እኛም ከተሟጋቾቹ መካከል ስለ ሆንን ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን ራሳችንን ለመጠየቅ ነው።

የምናስታውሰው ግጥሚያ ቅዳሜ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ የተደረገው ነው። ተጋጣሚዎቹ እንግሊዛዊው ታይሰን ፊውሪና ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ነበሩ። ሌኖክስ ሉዊስ በኅዳር ወር 1992 ዓ.ም. ኢቫንደር ሆሊፊልድን ካሸነፈ ወዲህ፣ የከባድ ሚዛን ዋና ዋና ቀበቶዎች ሁሉ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ሲታሰሩ የተመለከተ አልነበረም። ስለዚህ የዓለም የቡጢ ወዳጅ ሁሉ ይህን ግጥሚያ ሲጠብቅ መክረሙ አያስገርምም። ግጥሚያው መጀመሪያ የታሰበው ለየካቲት ወር ነበር፤ ዳሩ ግን ፊውሪ በልምምድ ላይ ሳለ ከዓይኑ በላይ በመቆረጡ ለሦስት ወር ተላለፈ። የሦስቱ ወር መዘግየት ለቆሰለው ሰው መዳኛ ሆኖት ይሆናል፤ ለእኛ ግን የሦስት ወር ተጨማሪ ሙግት ሆነልን።

ሙግታችን እንደተለመደው በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ረጅሙና ከባዱ ያሸንፋል» አለ። ሁለተኛው ወገን «ጥበበኛው ያሸንፋል» አለ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ወገኖች አዲስ ነገር ሳይጨምሩ ያንኑ ቃል እየጮኹ ብቻ ሦስት ወር አሳለፉ። በመካከሉ ግን አንድ ዝምተኛ ጓደኛችን ነበር። ይህ ጓደኛችን አንድ ቀን ከእራት በኋላ፣ «እስቲ እጃቸውን ትታችሁ እግራቸውን ተመልከቱ» ብሎ ጀመረ። ገና ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከመካከላችን አንዱ «ቡጢ ከመቼ ወዲህ ነው በእግር የሚማቱት?» አለና ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሣቅን። ጓደኛችንም ሣቀና ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ግጥሚያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ሳቅ ነው። ምክንያቱም ከተናገርነው ሁሉ መካከል ስለ ቡጢ የተነገረው ያ ያላስጨረስነው ዐረፍተ ነገር ብቻ እንደ ነበር ኋላ ስለ ገባን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በቁመት ፊውሪ 206 ሳንቲ ሜትር፣ ኡሲክ ደግሞ 191 ሳንቲ ሜትር ነው። ክንዳቸው ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ሲለካ የፊውሪ 216፣ የኡሲክ 198 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዋዜማው ሚዛን ላይ ሲወጡ ፊውሪ 119 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ኡሲክ 101 ኪሎ ግራም ገደማ መዘኑ። ሌሎቹ የቡጢ ክፍሎች ሁሉ ከዚህ ክብደት አትለፍ የሚል ወሰን ሲኖራቸው የከባድ ሚዛን ግን ከላይ ጣራ የለውም፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ውስጥ ሊገናኙ የቻሉትም ስለዚሁ ነው። ኡሲክ ከከባድ ሚዛን በታች ካለው፣ ጣራው 90.7 ኪሎ ግራም ከሆነው ክፍል የመጣ ሰው ነው፤ በዚያም ክፍል በ2010 ዓ.ም. ቀበቶዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ ነበር።

የመጀመሪያው ወገን እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቅ ነበር፤ ስሕተቱም ቁጥሮቹን ማወቁ ሳይሆን ቁጥሮቹን እንደ ፍርድ መቁጠሩ ነው። ለምሳሌ የ18 ሳንቲ ሜትር የክንድ ልዩነት ሲባል ብዙዎቻችን የፊውሪ ቡጢ ከኡሲክ ቡጢ አንድ ስንዝር ያህል ቀድሞ ይደርሳል ብለን ገምተን ነበር። ነገር ግን ልኩ የሁለቱ ክንድና የደረት ድምር ስለ ሆነ፣ በአንድ እጅ ሲታሰብ ልዩነቱ ግማሽ ያህል ነው። እርግጥ ነው፣ ግማሹም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሦስት ወር ሙሉ ስንጠቅሰው የከረምነውን ቁጥር ምን እንደሚለካ አንዳችን እንኳ አልጠየቅንም።

መጠየቅ የነበረብን ጥያቄ ይህ ነበር፦ ቁመትና ክብደት በቡጢ ሜዳ ውስጥ ሥራቸውን የሚሠሩት በምን መንገድ ነው? መልሱ በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛ፣ ረጅሙ ሰው በፊተኛው እጁ ቶሎ ቶሎ በሚሰነዝረው ቀጥተኛ ቡጢ፣ ይኸውም ጃብ በሚባለው፣ አጭሩን ከሩቅ ያስቆመዋል። ሁለተኛ፣ አጭሩ ጎንበስ ብሎ ሊገባ ሲል ከታች ወደ ላይ አገጩን በሚፈልገው ቡጢ ይቀበለዋል። ሦስተኛ፣ ሲተቃቀፉ ከባዱ ሰው አንገቱ ላይ ተኝቶ ክብደቱን ያሸክመዋል፤ የተሸከመ ሰው ደግሞ እግሩ ይዝላል። ፊውሪ በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ዲዮንቴይ ዋይልደርን በሰባተኛው ዙር ያሸነፈው በዚሁ መንገድ እየገፋና እየተጫነ ነበር። እንግዲህ «ረጅሙ ያሸንፋል» የሚል ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራና ሌላው ሰው ለምን ሊያመልጠው እንደማይችል መንገር ይገባዋል። ይህን ካልነገረን የነገረን የልብስ ስፌት ልክ ነው።

ሁለተኛው ወገንስ? እርሱም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። «ጥበብ» የሚለውን ቃል እንደ ጠበል ይረጨው ነበር። ምን ዓይነት ጥበብ? በየትኛው ዙር? በየትኛው እጅ? ሲባል መልሱ ዳዊትና ጎልያድ ነበር። የዳዊትን ታሪክ ማንም ሕፃን ያውቀዋል፤ ይሁንና ታሪኩን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ዳዊት ከጎልያድ ጋር ቡጢ እንዳልገጠመ ያስተውላል። ዳዊት በወንጭፍ ከሩቅ ወረወረ እንጂ የጎልያድ እጅ ወደሚደርስበት አልገባም። ቦክሰኛ ግን ወንጭፍ የለውም። አጭሩ ሰው ለመምታት የግድ መመታት ወዳለበት ቦታ መግባት አለበት፤ ስለዚህ የዳዊት ምሳሌ ለሁለተኛው ወገን ማስረጃ ሊሆን ቀርቶ የሚፈርድበት ነው።

ሦስተኛም የሙግት ዓይነት ነበር፤ ይህኛው የሁለቱም ወገን ነው። «እከሌ እከሌን አሸንፏል፤ ያ እከሌ ደግሞ ይህን አሸንፏል፤ ስለዚህ ያለቀ ነገር ነው» የሚለው ነው። በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ፊውሪ ከዚያ በፊት በሙያ ደረጃ ቦክስ ገጥሞ ከማያውቀው ከፍራንሲስ ንጋኑ ጋር ተጋጥሞ በሦስተኛው ዙር ወድቆ ነበር፤ ያሸነፈውም በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ነው። ወዲያውም «ጀማሪ የጣለውን ሰው ኡሲክ ምን ያደርገው!» ተባለ። ሌላው ደግሞ «ፊውሪ ዋይልደርን ሁለት ጊዜ በዝረራ አሸንፏል፤ ኡሲክ እንደ ዋይልደር የሚመታ ሰው ገጥሞ ያውቃልን?» ሲል መለሰ።

ይህ ዓይነቱ ሒሳብ የማያዋጣ ለመሆኑ ከዚህ በፊት አፍሪካ ምድር ላይ የተደረገ አንድ ግጥሚያ ምስክር ነው። ጆ ፍሬዘር በ1963 ዓ.ም.፣ ኬን ኖርተን በ1965 ዓ.ም. መሐመድ አሊን አሸንፈው ነበር፤ አሊ በመልሱ ግጥሚያ ሁለቱንም ቢያሸንፍ እንኳ የዘለቀው እስከ መጨረሻው ዙር እየታገለ በነጥብ ነው። ጆርጅ ፎርማን ግን ፍሬዘርንም ኖርተንንም በየሁለት ዙር አፈረሳቸው። በሒሳቡ መሠረት አሊ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከፎርማን ፊት ባይቆም ይሻለው ነበር። ፎርማን የ25 ዓመት ጎልማሳ፣ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40 ጊዜ ያሸነፈ፣ ከዚያም ውስጥ 37ቱን በዝረራ የጨረሰ ነበር፤ አሊ ደግሞ 32 ዓመት ሞልቶታል። ነገር ግን አሊ ገመዱን ተደግፎ ክንዱን ጋሻ አድርጎ ፎርማን እስኪደክም አስደበደበው፤ በስምንተኛውም ዙር ጣለው። ፍሬዘር ወደ ፎርማን ቡጢ እየገባ የሚታገል ሰው ነበር፤ አሊ ግን እንደ ፍሬዘር አልገባለትም። ቡጢ የሁለት ሰዎች መገናኘት እንጂ የመደመርና የመቀነስ ሠንጠረዥ አይደለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው ነገር ለብቻ ለብቻቸው ሲታዩ ከሁለቱም ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ያላለቀ ዐረፍተ ነገር እንመለስ። ኋላ ስንጠይቀው የነገረን እንዲህ ነው። ኡሲክ ግራኝ ነው፤ ስለዚህ ሲቆም ቀኝ እግሩ ከፊት ይሆናል። ፊውሪ አብዛኛውን ጊዜ ግራ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የሁለቱ የፊት እግሮች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። የፊት እግሩን ከባላጋራው የፊት እግር በስተውጭ ያሳረፈው ሰው ለኋለኛው እጁ የተከፈተ ቀጥተኛ መንገድ ያገኛል፤ ከውስጥ የቀረው ግን ትከሻው ይታጠፍበታል። ኡሲክ ይህን ስፍራ በየደቂቃው በትንንሽ እርምጃ የሚፈልግ፣ ሲያገኘውም የግራ እጁን የሚልክ ሰው ነው። አንቶኒ ጆሹዋን በመስከረምና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ያሸነፈው እንዲሁ ነበር፤ ጆሹዋም ከእርሱ የሚረዝምና የሚከብድ ሰው ነው። ጓደኛችን እንግዲህ «የረጅሙ እጅ ከአጭሩ እግር ይፈጥናልን?» ብሎ ሊጠይቀን ነበር። ይህን ጥያቄ ነው በሳቅ የመለስነው።

ሌሊቱ ደረሰ። በአንዲት ስልክ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ ኡሲክ ወደ ፊት እየገፋ ፊውሪን ወደ ገመዱ ሰደደው፤ ሁለተኛው ወገን ጮኸ። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ግን ፊውሪ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን ቡጢና ሆድ ላይ የሚያርፈውን ቡጢ አገኘ፤ እስከ ሰባተኛው ዙር ድረስም ኡሲክ ሲጎዳ ታየ። ያን ጊዜ የጮኸው የመጀመሪያው ወገን ነው። በስምንተኛው ዙር ኡሲክ ተመልሶ የፊውሪን አፍንጫ አደማው። በዘጠነኛው ዙር የኡሲክ ግራ እጅ አከታትሎ አረፈበትና ፊውሪ ከገመድ ወደ ገመድ ተንገዳገደ፤ ገመዱ ባይዘው ይወድቅ ነበር ብሎ የመሐል ዳኛው ቆጠረበት። ፊውሪ ቆጠራውን ችሎ ግጥሚያውን እስከ 12ኛው ዙር አደረሰው። ውጤቱ ሲነበብ አንደኛው ዳኛ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ ሁለተኛው 114 ለ113 ለፊውሪ፣ ሦስተኛው 114 ለ113 ለኡሲክ ሰጡ። ኡሲክም ቀበቶዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ።

ወዲያው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ። ሁለተኛው ወገን «እኛ ብለን ነበር! ጨዋታው ገና ከመጀመሪያው ያለቀ ነበር» አለ። የመጀመሪያው ወገን ደግሞ «ዳኞቹ ተገዝተዋል» አለ። ሁለቱም ወገኖች ወረቀትና እርሳስ ቢያነሡ ኖሮ ሁለቱም ባፈሩ ነበር። በቡጢ ሕግ አንድ ዙር ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9 ነጥብ ያገኛል፤ የተቆጠረበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ 8 ነው የሚያገኘው። የሦስቱም ዳኞች ነጥብ ሲደመር 227 ይመጣል፤ 12 ዙር በ10 ለ9 ቢሄድ ኖሮ 228 ይመጣ ነበር። ስለዚህ ሦስቱም ከፊውሪ ላይ አንዲት ተጨማሪ ነጥብ የቀነሱት በዚያ በዘጠነኛው ዙር ነው። ያች ነጥብ ባትቀነስ ሦስተኛው ዳኛ 114 ለ114 ይጽፍ ነበር። አንዱ ለኡሲክ፣ አንዱ ለፊውሪ፣ አንዱ እኩል፤ ግጥሚያውም ያለ አሸናፊ ይፈጸም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ «ገና ከመጀመሪያው ያለቀ» የተባለው ነገር በአንድ ቆጠራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። «የተዘረፈ» የተባለው ሰው ደግሞ ገመድ ይዞት የቆመ ሰው ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው በሪያድ የመልስ ግጥሚያ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ልብሳቸውን እንደለበሱ ቢመዘኑም ፊውሪ 127 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ፣ ኡሲክ 102 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ ሆኑ። ልዩነቱ ከ18 ኪሎ ግራም ወደ 25 ከፍ አለ ማለት ነው። ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ፈረዱ። ክብደት ሲጨመር የሽንፈቱም ርቀት ተጨመረ። ከዚህ ተነሥተን «ክብደቱ ነው ያሸነፈው» ብንል እንደ ቀድሞው መሳሳታችን ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ግጥሚያ ወዲህ የተለወጠው ክብደቱ ብቻ አልነበረም። ቢያንስ ግን ኪሎ ግራም ስለ ተጨመረ ብቻ ድል እንደማይጨመር ለመረዳት ይበቃናል።

ታዲያ መጠን ምንም አይደለም ማለታችን ነውን? አይደለም። እንዲያውም ከዚህ በታች የምንለው ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ነገር ነው።

በጳጉሜን 2008 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኬል ብሩክ ለንደን ከተማ ላይ ጌናዲ ጎሎቭኪንን ገጠመ። ብሩክ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈ፣ ጣራው 66.7 ኪሎ ግራም በሆነው ክፍል ባለ ቀበቶ ነበር። ጎሎቭኪን ደግሞ ጣራው 72.6 ኪሎ ግራም በሆነው ክፍል የነገሠ ነው። ብሩክ ጥበበኛ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮችም ቆንጆ ቆንጆ ቡጢ አሳረፈ። ነገር ግን የእርሱ ቡጢ ጎሎቭኪንን አላስቆመውም፤ የጎሎቭኪን ቡጢ ግን የብሩክን የቀኝ ዓይን የከበበውን አጥንት ሰበረው። በአምስተኛው ዙር አሠልጣኙ ፎጣ ወርውሮ አስቆመለት። ብሩክ ለሕክምና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እንዲህ ያለ ግጥሚያ ከመደረጉ በፊት «ወንድ ከሆነ ክብደቱን ጨምሮ ይግጠም! ምን ያስፈራዋል?» ብሎ የሚጮኸው ማነው? እኛ ነን፤ የቡጢ ወዳጅ ነን የምንለው። ግጥሚያ አዘጋጁ ገንዘቡን የሚያገኘው ከእኛ ጩኸት ነው። የክብደት ክፍሎች የተሠሩት ሰውን ለመከፋፈል ሳይሆን አጥንትንና አንጎልን ለማዳን ነው፤ ስለዚህ ስለ መጠን የምንናገረው ቃል በሌላ ሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ቃል ነው። የቦክሰኛውን ፍርሃት እያሾፉ ከመናገር በፊት የምንከፍለው ነገር እንደሌለ ማስታወስ ይገባናል። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቀላል ነው።

ደግሞም በመስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ቴረንስ ክሮፎርድ ጣራው 69.9 ኪሎ ግራም ከሆነው ክፍል ተነሥቶ፣ ሁለት ደረጃ ዘልሎ በ76.2 ኪሎ ግራም ካኔሎ አልቫሬዝን በላስ ቬጋስ ገጠመ፤ ሦስቱም ዳኞች ለክሮፎርድ ፈረዱለት። ብሩክም ሁለት ደረጃ ወጣ፤ ክሮፎርድም ሁለት ደረጃ ወጣ። አንዱ አጥንቱ ተሰበረ፤ ሌላው ነገሠ። «መጠን ያሸንፋል» የሚለው ሕግ ክሮፎርድን አያስረዳም፤ «ጥበብ ያሸንፋል» የሚለውም ሕግ ብሩክን አያስረዳም። የሚያስረዳው ማን ከማን ጋር እንደ ገጠመና በምን መንገድ እንደ ተማታ መመርመር ብቻ ነው። ብሩክ ወደፊት ከሚገፋና እጁ ከከበደ ሰው ጋር በቅርብ ተማታ፤ ክሮፎርድ ግን እየመታ ከስፍራው እየተነሣ ካኔሎን ሲያስፈልግ አመሸ።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ለመዝናናት የምንጫወተውን ጨዋታ ለምን ትምህርት ታደርጉብናላችሁ?» የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። አነጋገራቸው እውነት አለበት። ለሳምንት ሙሉ በላብራቶሪና በቤተ መጻሕፍት የደከመ ተማሪ ቅዳሜ ማታ ቢጮኽ ማንም ሊቆጣው አይገባም። ነገር ግን የሚያዝናናው የቱ ነው? ያንኑ ቃል ሦስት ወር መጮኽ ነው ወይስ ዘጠነኛው ዙር ሲደርስ «ያውና፣ እግሩ ከውጭ ገባ!» ብሎ ከሰው ቀድሞ ማየት? እኛ በበኩላችን ከዚያ ሌሊት በኋላ ግጥሚያውን እንደገና ስናየው፣ ሁለቱን ጥንድ እግሮች ብቻ እየተከተልን፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ አሰኝቶናል።

ሁለተኛም፣ ሰው በጨዋታ የለመደውን በቁም ነገር ይደግመዋል። ወገንን አስቀድሞ መምረጥ፣ ማስረጃን ኋላ መፈለግ፣ የማይመቸውን ሰው በሳቅ ዝም ማሰኘት፣ ፍርዱ ሲመጣ ዳኛውን መክሰስ፤ እነዚህ አራት ነገሮች በቡጢ ሙግት ብቻ የሚታዩ ናቸውን? በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመልስልን። ነገ ከመካከላችን አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ ይሆናል። በሽተኛውን ሳያይ በሽታውን የመረጠ ሐኪም ምን እንደሚያደርስ መናገር አያሻም። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ተሟጋቹን በቃሉ ይይዙት ነበር። ዛሬ ግን እኛ ትናንት ያልነውን ዛሬ የሚጠይቀን የለም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር እናሳስባለን። ወደፊት ትልቅ ግጥሚያ ሲመጣ፣ መሟገት የፈለገ ሁሉ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፍ። በመጀመሪያው መስመር ማን እንደሚያሸንፍ፤ በሁለተኛው መስመር በምን መንገድ እንደሚያሸንፍ፤ በሦስተኛው መስመር ደግሞ በሜዳው ላይ ምን ቢታይ «ተሳስቻለሁ» እንደሚል። ሦስተኛው መስመር ከሁሉ ይበልጣል፤ ሊጽፈው ያልቻለ ሰው ገና አላሰበበትም። ወረቀቶቹ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ፤ ግጥሚያው ባለፈ ሰኞም በሰው ፊት ይነበቡ። ገንዘብ አይያዝበት፤ ገንዘብ የተያዘበት ሰው ማሸነፍን እንጂ ማወቅን አይፈልግምና። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል፤ እንግዲያስ ያልነውን ወረቀቱ ይያዝልን፤ እኛ መልቀቅ እንልመድ።

ያን ጓደኛችንን ከግጥሚያው በኋላ ፈልገን ይቅርታ ጠየቅነው። «እግራቸውን ተመልከቱ ብለኸን ነበር፤ ልክ ነበርክ» አልነው። እርሱ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ «እኔም እኮ ተሳስቻለሁ» አለ። «ኡሲክ በቀላሉ የሚያሸንፍ መስሎኝ ነበር፤ ሆዱ ላይ የሚያርፈውን ቡጢ ጨርሶ አላሰብኩትም። ከእናንተ መካከል ስለ እርሱ ያነሣ ሰው ቢኖር እማርበት ነበር።»

ከእኛ መካከል ግን ያነሣው አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ስንጮኽ ከርመን ጓደኛችንን የሚያስተምር አንድ ነገር አልነበረንም፤ እርሱ የሚያስተምረን ሲኖረው ደግሞ አላስጨረስነውም። በሚቀጥለው ግጥሚያ ያስጨረስነው እንደሆነ ሪያድ ላይ የወረደው ላብ ለእኛም በከንቱ አልቀረም እንላለን።